ከአንጀት እስከ ልብ

በአማርኛ አነጋገር አንጀትና ልብ የተራራቁ አይደሉም። ንዴት ያቃጠለውን ሰው «አንጀቱ አረረ» እንላለን፤ የልቡ የደረሰለትን «አንጀቱ ቅቤ ጠጣ» እንላለን፤ ደፋሩን ደግሞ «ልበ ሙሉ» ብለን እናሞግሳለን። አባቶቻችንና እናቶቻችን እነዚህን ሁለት የአካል ክፍሎች የስሜት ማደሪያ ያደረጓቸው በሳይንስ ምርምር ተመርተው አልነበረም። ይሁን እንጂ በቅርብ ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች በአንጀትና በልብ መካከል ከአነጋገር ያለፈ እውነተኛ ግንኙነት መኖሩን አሳይተዋል። ይህን ግንኙነት ከሚፈጥሩት መካከል በአንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት፣ ለዓይን የማይታዩት ባክቴሪያዎች ይገኙባቸዋል።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ዕውቀት የምንወስደው ዋና ትምህርት አንድ ነው። ይኸውም «የድኻ ምግብ» እያልን የምንንቀው ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬና ጎመን የልባችን ጠባቂ መሆኑንና ኑሮ ተሻሻለ ብለን ከገበታችን ልናስወግደው የማይገባ መሆኑን መገንዘብ ነው። ይህን የምለው የቀድሞውን ሁሉ ለማወደስ፣ አዲሱንም ሁሉ ለመንቀፍ አይደለም። ምክንያቶቼን በተራ አቀርባለሁ፤ እናንተም ተማሪዎች እያንዳንዱን ምክንያት እየመዘናችሁ አንብቡ።

በመጀመሪያ ጉዳዩ ምን ያህል አሳሳቢ እንደሆነ እንመልከት። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 በልብና በደም ሥር በሽታዎች ምክንያት 17.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ይህም በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከሞተው ሰው 32 በመቶ ያህሉ ማለት ነው። በእነዚህ በሽታዎች ከሚሞቱት ሰዎች መካከል ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት የሚገኙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እንግዲህ «የልብ በሽታ የባለጸጎች በሽታ ነው» የሚለው የቆየ አባባል ዛሬ አይሠራም። እኛም ከሩቅ ሆነን የምንመለከተው የሌላ ሰው ችግር አይደለም።

አሁን ደግሞ በአንጀት ውስጥ ምን እንዳለ እንይ። ሰው ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ባክቴሪያዎች በቆዳው፣ በአፉ፣ ከሁሉም ይበልጥ ደግሞ በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ይሰፍራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ስሌት እንደሚያመለክተው በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ የሚገኙት ባክቴሪያዎች 38 ትሪሊዮን ያህል ናቸው። አንድ ትሪሊዮን ማለት አንድ ሚሊዮን በአንድ ሚሊዮን ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። የሰውየው የራሱ ሕዋሳት ደግሞ 30 ትሪሊዮን ያህል ይሆናሉ። ባክቴሪያዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ቢመዘኑ ግን ክብደታቸው ከ200 ግራም ብዙ አይርቅም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ እያንዳንዳቸው እጅግ ጥቃቅን ቢሆኑም ተባብረው የሚሠሩት ሥራ ታላቅ ነው። እኛ የበላነውን ይመገባሉ፤ ከተመገቡትም አዳዲስ ንጥረ ነገሮችን ያወጣሉ። እነዚህ ንጥረ ነገሮች በአንጀት ግድግዳ አልፈው ወደ ደም ይገባሉ፤ ከደምም ጋር ወደ ጉበት፣ ወደ ኩላሊትና ወደ ልብ ይደርሳሉ። ስለዚህ ለባክቴሪያዎቹ የምንሰጣቸው ምግብ ምን ዓይነት መሆኑ ልብንም የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ምግብ በጨጓራና በትንሹ አንጀት ውስጥ ሲያልፍ አብዛኛው ስታርች፣ ፕሮቲንና ቅባት ይልምና ወደ ደም ይገባል። አሰር የሚባለው የዕፀዋት ክፍል ግን የሰው አካል የሚያልምበት ኢንዛይም ስለሌለው ሳይለወጥ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። አሰር የሚገኘው በእህል ሽፋን፣ በባቄላና በሽምብራ ልጣጭ፣ በጎመን ቅጠልና በፍራፍሬ ቃጫ ውስጥ ነው። ለእኛ የማይልመው ይህ አሰር ለባክቴሪያዎቹ ዋና ቀለባቸው ነው። ጥንስስ በጋን ውስጥ እንደሚብላላ ሁሉ አሰሩም በትልቁ አንጀት ውስጥ ይብላላል። ከዚህም አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የተባሉ የስብ አሲዶች ይገኛሉ።

የእነዚህ አሲዶች ጥቅም ብዙ ነው። ቡቲሬት የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ምግብ ነው። ሕዋሳቱ ሲጠግቡ ግድግዳው ይጠነክራል፤ ሰውነትን የሚያስቆጣ ነገርም ከአንጀት ወደ ደም እንዳይሾልክ ይከላከላል። ይህ ጥበቃ ሲላላ በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ብግነት ሊፈጠር ይችላል፤ እንዲህ ያለው ብግነት ደግሞ የደም ቅዳ ቧንቧዎችን ግድግዳ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ላይ እንደታየው ብዙ አሰር ወይም አሴቴት የተሰጣቸው አይጦች የደም ግፊታቸው ቀንሷል። የገብስና የአጃ አሰር ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። ጉበት ሐሞትን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ሙጫ መሰሉ የገብስ አሰር ሐሞቱን ይዞ ከሰውነት ሲወጣ፣ ጉበት አዲስ ሐሞት ለመሥራት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል፤ በደም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮልም ይቀንሳል።

በሰዎች ላይ የተደረገውን ጥናት በተመለከተም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ 185 የክትትል ጥናቶችንና 58 የሙከራ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሯል። በዚህም መሠረት ብዙ አሰር የሚመገቡ ሰዎች ጥቂት ከሚመገቡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከ15 እስከ 30 በመቶ ያህል ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ዐዋቂ ሰው በየቀኑ ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲመገብ ይመክራል።

ባክቴሪያዎች የሚያወጡት ሁሉ ግን ጠቃሚ አይደለም። በቀይ ሥጋ ውስጥ ካርኒቲን፣ በእንቁላል አስኳልና በሥጋ ውስጥ ደግሞ ኮሊን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። አንዳንድ የአንጀት ባክቴሪያዎች እነዚህን ተመግበው ትራይሜቲላሚን የተባለ ጋዝ ያወጣሉ። ጋዙ ወደ ጉበት ይሄድና ትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለወጣል። በአሜሪካ አገር ክሊቭላንድ ከተማ በዶክተር ስታንሊ ሄዝን የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይህን ንጥረ ነገር ሲያጠና ቆይቷል። በ2013 ያወጣው ጥናት ከ4,000 የሚበልጡ ሕሙማንን ለሦስት ዓመታት ተከታትሎ፣ ንጥረ ነገሩ በደማቸው ውስጥ የበዛባቸው ሰዎች በልብ ድካም ድንገት የመጠቃት፣ በአንጎል የደም ሥር መዘጋት የመጎዳትና የመሞት አደጋቸው ከፍ ያለ መሆኑን ገልጿል። የዚህ ሥራ ፈጻሚዎች ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው መሆናቸውም በቀላል ዘዴ ተረጋግጧል። ፈቃደኛ ሰዎች ለአንድ ሳምንት አንቲባዮቲክ ሲወስዱ ንጥረ ነገሩ ከደማቸው ሊጠፋ ምንም ያህል አልቀረውም፤ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላ ግን ተመልሶ ታየ። ሥጋ የማይበሉ ሰዎችም ካርኒቲን ሲሰጣቸው ሥጋ ከሚበሉት ያነሰ መጠን አመንጭተዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሳይንስን ያወቀ ሰው ከአንድ ጥናት ተነሥቶ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም። የባሕር ዓሣ በውስጡ ይህንኑ ንጥረ ነገር ይዞ ይገኛል፤ ሆኖም ዓሣ የሚመገቡ ሰዎች ከሌሎቹ ይበልጥ በልብ በሽታ ሲጠቁ አልታዩም። ከዚህም ሌላ ንጥረ ነገሩን ከሰውነት የሚያስወግደው ኩላሊት ስለሆነ፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው በደሙ ውስጥ ይበዛበታል። ስለዚህ ንጥረ ነገሩ ራሱ በሽታውን ያመጣል ወይስ የሌላ ሕመም ምልክት ነው የሚለው ጥያቄ አሁንም ሊቃውንትን ያከራክራል። እኔም «ሥጋ መርዝ ነው» አልልም። ሥጋ ለአካል ግንባታ የሚያስፈልግ ፕሮቲንና ብረት አለው፤ በተለይ እንደ ልብ ለማያገኘው ሕፃን ትልቅ ሲሳይ ነው። ክርክሬ በየዕለቱ ሥጋ ማዘውተርን የኑሮ መሻሻል መለኪያ አድርጎ፣ ጥራጥሬንና ጎመንን ከገበታ ማባረር ስሕተት ነው የሚል ነው።

ስለ አሰር ጥቅም የሚነገረው ነገር ከምሥራቅ አፍሪካ ጋር የቆየ ትስስር አለው። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣ ጥናት፣ በዩጋንዳ በሆስፒታል የሞቱ 632 ሰዎች አስከሬን በአሜሪካ አገር በሴንት ሉዊስ ከተማ ከሞቱ የተመሳሳይ ዕድሜ ሰዎች አስከሬን ጋር ተነጻጽሮ ነበር። በደም መዘጋት የተጎዳ የልብ ጡንቻ ከሴንት ሉዊሶቹ በ136ቱ ላይ ሲገኝ ከዩጋንዳውያኑ በአንዱ ላይ ብቻ ተገኘ። በዚያ ዘመን በዩጋንዳ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሂው ትሮዌልና ዶክተር ዴኒስ በርኪት ይህን የመሰለውን ልዩነት ልብ ብለው ያስተውሉ ነበር። በኋላም በ1970ዎቹ ዓመታት፣ በምዕራቡ ዓለም ለበዙት ብዙ በሽታዎች አንዱ ምክንያት አሰሩ የተወገደለት ምግብ ነው ብለው ለዓለም አስተማሩ። እርግጥ የዩጋንዳ ገበሬ ከሴንት ሉዊስ ነዋሪ የሚለየው በምግብ ብቻ አልነበረም። በእግሩ ይጓዝ ነበር፤ በጉልበቱ ይሠራ ነበር። የሆነ ሆኖ የምግቡ ጉዳይ ችላ የሚባል አይደለም።

በሰሜን ታንዛኒያ በኤያሲ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩትን የሃድዛ ሕዝብ እንውሰድ። እነዚህ ሰዎች ሥራሥርና የዱር ፍሬ እየለቀሙ፣ ማር እየቆረጡና እያደኑ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የአንጀታቸውን ባክቴሪያዎች ከኢጣልያ ከተሜዎች ጋር አነጻጽሮ፣ የሃድዛዎቹ በዓይነት እጅግ የበዙ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የባሰ አስገራሚ ነው። ተመራማሪዎች የደቡብ አፍሪካን የገጠር ነዋሪዎችና የአሜሪካን ጥቁሮች ለሁለት ሳምንት ምግብ አለዋወጧቸው። አሰር የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው አሜሪካውያን ቡቲሬት በአንጀታቸው ሲጨምር፣ ቅባትና ሥጋ የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው የገጠር ሰዎች ግን ቀነሰባቸው። ጥናቱ የተካሄደው ስለ አንጀት ካንሰር ቢሆንም ለእኛም የሚነግረን ነገር አለ። ይኸውም የአንጀታችን ሁኔታ በውርስ ብቻ የተወሰነ አለመሆኑንና በምግብ ለውጥ ምክንያት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊሻሻልም ሊበላሽም መቻሉን ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ገበታ እንምጣ። የጤፍ እንጀራ፣ የገብስ ቂንጬ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ የምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ተልባ፣ እነዚህ ሁሉ አሰር የሞላባቸው ናቸው። በጾም ወራትም ብዙው ሕዝባችን የሚመገበው ይህንኑ ነው። አንዳንድ ሰዎች የእንጀራ ጥቅም በመቡካቱ የመጣ ይመስላቸዋል። ሊጡን ያቦኩት ተሕዋስያን ግን በምጣዱ ግለት ይሞታሉ። ለአንጀታችን ባክቴሪያዎች የሚተርፋቸው ከሽፋኑ ጋር የተፈጨው የጤፍ አሰር ነው።

ይሁንና በከተሞቻችን ምን እየሆነ ነው? ስንዴው ይፈተጋል፣ ይነፋል፤ ፉርኖ ዱቄቱ ለሰው፣ ፉርሽካው ለከብት ይሰጣል። ከእህሉ የበለጠ አሰር ያለበት ክፍል ፉርሽካው ነውና በዚህ ክፍፍል የተጠቀመው ከብቱ ነው። በትምህርት ቤት ደጃፍ ብስኩት፣ ቦምቦሊኖ፣ በሚረጋ ዘይት የተጠበሰ ድንችና ለስላሳ መጠጥ ይሸጣል። ከቤቱ ቆሎ ቋጥሮ የመጣ ተማሪ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ኪሱ ውስጥ ሸሽጎ ይበላል። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለው ይህ አይደለምን? ሊያፍር የሚገባው ቆሎ የቋጠረው ተማሪ ሳይሆን በቆሎው የሚስቅበት ነው።

በዚህ አስተያየት ላይ ተቃውሞ የሚያቀርቡ ሰዎች አይጠፉም። አንዳንዶች «አባቶቻችን ይህን ሁሉ እየበሉ ዕድሜያቸው አጭር አልነበረምን?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ብዙውን ሰው ይገድል የነበረው ወረርሽኝ፣ ረኃብ፣ የወሊድ ችግርና የሕፃናት በሽታ እንጂ ቆሎና ሽሮ አልነበረም። ክትባት፣ ንጹሕ ውሃና ሕክምና ዕድሜን አርዝመዋል። ያረዘሙትን ዕድሜ በተጎዳ ልብ መኖር ግን ትርፉን ማጉደል ነው። ሌሎች ደግሞ «እኛ ስለምንጾም አያሰጋንም» ይላሉ። ጾም ማለት ነጭ ዳቦ በዘይት ከተጠበሰ ድንች ጋር መብላት ከሆነ ግን ባክቴሪያዎቹ የሚያገኙት ቀለብ ከፍስኩ ብዙም አይሻልም።

«ባክቴሪያዎቹ ጥሩ ከሆኑ በመድኃኒት መልክ ገዝተን እንውሰዳቸው» የሚሉም አሉ። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሩሲያዊው ሊቅ ኤሊ ሜችኒኮፍ የረጋ ወተት ዕድሜን ያረዝማል ብለው ያምኑ ነበር። እርጎ መልካም ምግብ ነው፤ ሆኖም ከማስረጃው አልፈን ተአምር ልንጠብቅበት አይገባም። በእሽግ ለሚሸጥ ባክቴሪያ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት በውስጣችን ያሉትን መቀለብ ይቀድማል።

ሌላው አሳሳቢ ነገር አንቲባዮቲክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥ ነው። ይህ መድኃኒት ጎጂውን ባክቴሪያ ሲገድል ጠቃሚውንም አይምርም፤ በጉንፋን ላይ ግን ምንም ኃይል የለውም፤ ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነውና። ይህን ስል አንቲባዮቲክን የሚያጥላላ መስሎ እንዳይታይብኝ እፈልጋለሁ። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያስከትለው የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ከቀረ ሩማቲክ የተባለውን ትኩሳት አስከትሎ የልብን ቫልቮች ሊያበላሽ ይችላል። ይህም በአገራችን ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የሚጎዳ የልብ በሽታ ነው፤ በፔኒሲሊን በጊዜው ቢታከም ግን መከላከል ይቻላል። ስለዚህ ጉሮሮውን የታመመ ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ሐኪም ያዘዘለትንም እስከ መጨረሻው ይውሰድ። በራሱ ፈቃድ ግን መድኃኒት አይግዛ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ወላጆች ዱቄቱን ሳይነፉ ያስጋግሩ፤ ከዳቦው ጎን ባቄላና ጎመን አያጥፉ። ትምህርት ቤቶች በግቢያቸው ውስጥ ቆሎ፣ ንፍሮና ሙዝ የሚሸጥበትን መንገድ ያመቻቹ፤ ባዶ ቦታ ካላቸውም ጎመንና ካሮት ያልሙ። ተማሪዎችም በባዮሎጂ ክፍል የተማሩትን ለቤተሰባቸው ያስረዱ። ከዚህም ጋር ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ አለመልመድና በእግር መጓዝ መዘንጋት የለባቸውም፤ ምግብ ብቻውን ልብን አያድንምና።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አበው። የልብ ሕመም በጎልማሳነት ይታይ እንጂ የደም ሥር መጎዳት የሚጀምረው ገና በወጣትነት ነው። የተጎዳን የደም ሥር ለመጠገን ብዙ ገንዘብና ልዩ ሐኪም ያስፈልጋል። አንድ እፍኝ ንፍሮ ግን በየሰፈሩ ይገኛል። ዐዋቂ ትውልድ የሚባለው አዲሱን ከመቀበሉ በፊት የሚመረምር፣ የቆየውንም ከመጣሉ በፊት የሚመዝን ነው። ስለ ገበታችን ስንመዝን ሚዛኑ ለቆሎው፣ ለሽሮውና ለጎመኑ ይደፋል።

መልመጃ

ሀ. ከዚህ በታች የቀረቡትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. ጸሐፊው ያቀረቡት ዋና አስተያየት ምንድን ነው? በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጹ።
2. አሰር ወደ ትልቁ አንጀት ሳይለወጥ የሚደርሰው ለምንድን ነው?
3. ትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ ከምን ይገኛል? ሊቃውንትን የሚያከራክረውስ ጥያቄ የትኛው ነው?
4. ጸሐፊው የተቃዋሚዎቻቸውን ሐሳብ ማቅረባቸው ለክርክራቸው ምን ጠቅሟል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍቺ ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
አሰር፣ ብግነት፣ ይብላላል፣ ይልማል፣ ሲሳይ

ሐ. «በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለስላሳ መጠጥና ብስኩት መሸጥ አለበት ወይስ የለበትም?» በሚል ርእስ ምክንያታችሁን በሦስት አንቀጽ ጻፉ።